የደቻቱ ዋስ

ሳሎኔ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ የእኔ ነው። ሁለተኛውን እህቴ እልፍነሽ እየመጣች ካልተቀመጠችበት ይወስዱታል። ሕጉ እንደዚህ ነው፤ ወር ሙሉ ሰው ያልተቀመጠበት ወንበር፣ ማንም ያላበራው አምፖል፣ ማንም ያልተጠለለበት ዛፍ “ሥራ ፈት” ይባልና ይጠረጋል። ጠራጊዎቹ የሚመጡት ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ትሁት ልጆች ናቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚገቡት። ባለፈው ዓመት የጓዳዬን በር ነቅለው ወሰዱት፤ ዘግቼው ስለማላውቅ ነው። ምን ልበላቸው? እውነታቸውን ነው፣ ዘግቼው አላውቅም።

እልፌ እሑድ ከሰዓት ትመጣለች። ልብስ ሰፊ ናት። የሰው ሱሪ በፌስታል አንጠልጥላ ደረጃውን እያለከለከች ትወጣና ገና በሩ ላይ ሆና፣ “ወንበርሽን ላድንልሽ መጣሁ” ትላለች። ከዚያ ስፒሎቿን ወንበሩ ጨርቅ ላይ ደርድራ እየሰካች፣ የሱሪውን እግር እየዘመዘመች፣ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች ታማዋለች። የምትኖረው ደቻቱ ውስጥ ነው። ደቻቱ ዳር አላልኩም፤ ውስጥ።

ደቻቱ ድሮ ወንዝ ነበር። ድሬዳዋን ለሁለት ከፍሎ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ይከርምና አንድ ቀን ሳይታሰብ ይወርዳል። እኔ ሲወርድ አላየሁም፤ እናቴም ብትሆን እንደ ተረት ነበር የምታወራው። ዝናቡ እየቀረ ሲሄድ ወንዙም እንደ ማንኛውም ነገር ተመዘነና ሥራ ፈት ተባለ። ከካርታ ላይ ተጠረገ። አሸዋው “ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት” ተብሎ ለሕዝብ ሲታደል ለእልፌም አንድ ክፍል ደረሳት። የገባች ቀን ጮቤ ረግጣለች። እንዴት አትረግጥ? ያን ያህል ዘመን ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ተኝታ።

እኔ ደግሞ ኮድ ጠራጊ ነኝ። ከተማዋ የምትሠራው ድምር በሚባል አንድ ትልቅ ሶፍትዌር ነው፤ መብራቱም፣ ውሃውም፣ የሞተ ሰው መመዝገቡም በእሱ ነው። ድምር ውስጥ ስንት ትውልድ የጻፈው ኮድ ተከምሯል። ኮድ የሚጠራው ነገር ከሌለ አይነሳም፣ ዝም ብሎ ተኝቶ ይኖራል። የእኛ ቡድን የተኛውን እየፈለገ ያጠፋል። ሦስት ነን፤ እኔ፣ አለቃችን ኢብሳና ሮብሌ። ኢብሳ በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ግን ድሬ ላይ አንቱታ ድሮም አልነበረም፣ “አንተ” ነው የምንለው። ሮብሌ እኩያዬ ነው። ስሙ በሶማሊኛ ከዝናብ ጋር የመጣ እንደ ማለት ነው፤ ዝናብ ግን በፊልም እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። “ስምህን እስካሁን ሥራ ፈት አላሉብህም?” እያልኩ አበሽቀዋለሁ።

ከሁሉ በፊት የተጠረጉት ማስታወሻዎች ናቸው። ድሮ ኮድ የሚጽፍ ሰው ከኮዱ ጎን ለኋለኛው ሰው ማስታወሻ ይተው ነበር አሉ፤ ይህን ያደረግሁት ለዚህ ነው፣ ይቺን አትንኳት፣ እያለ። ማስታወሻ ግን አይሠራም፣ አይጠራም፤ ስለዚህ እኔ ሳልቀጠር በፊት ጠርገው ጨርሰውታል። ዛሬ አንድ ኮድ ምን እንደሚያደርግ አንብበን እናውቃለን። ለምን እንደሚያደርገው የሚነግረን የለም።

ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አለ። ኢብሳ የተኛውን ኮድ ስም ያነብና “ዋስ አለው?” ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ እንደ ሐራጅ። ዋስ ከተነሳለት ኮዱ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ከተጠራ ዳነ። ካልተጠራ ይጠፋል፣ ዋሱም አብሮት ከቡድኑ ይጠረጋል። ሥራ ፈት ነገር የሚያቅፍ ሠራተኛ ራሱም ሥራ ፈት ነው ይላሉ። የተጠረገ ሠራተኛ የት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም፤ ተመልሶ አብሮን ሻይ የጠጣ ግን አላየሁም።

“የደቻቱ ማንቂያ” አለ ኢብሳ አንድ ሰኞ። “ዋስ አለው?”

ማንቂያው እንዲህ ነው፤ ደንገጎ ተራራው ላይ ውሃ የሚለኩ ብረቶች ተተክለዋል። ጎርፍ ሲነካቸው ይህን ኮድ ይጠሩታል፣ ኮዱ ደግሞ ደቻቱ ግራና ቀኝ የቆሙትን ጡሩምባዎች ያስነፋል። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ ነው። ድሬ ላይ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ጎርፉ ሊወርድ ይችላል፤ ታች ያለ ሰው ከጡሩምባው በቀር የሚነግረው የለም።

“ለሁለተኛ ጊዜ። ዋስ አለው?”

“ኢብሳ፣ እዚያ ውስጥ ሰው አለ እኮ” አልኩት።

“ሰው አለ። ወንዝ ነው የሌለው። ለሌለ ወንዝ ማንቂያ ምን ይሠራል?”

“ቢመጣስ?”

“ማስተዋል፣ ቢመጣስ ቢመጣስ እያልን ብናስቀምጥ ኖሮ እኔም ይኼኔ የአያቴን ጃንጥላ ይዤ ነበር የምዞረው።” ሮብሌ ሳቀ። ኢብሳ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። “ለሦስተኛ ጊዜ...”

ተነሳሁ። “እኔ ነኝ ዋሱ።”

ኢብሳ ቀና ብሎ አየኝ። “ወሪያ ሮብሌ” አለ፣ “ይቺን ልጅ ምከራት።” ሮብሌ ምንም አልመከረኝም። ብቻ ፊቱ ጠቆረ። እኛ ቡድን ውስጥ እኔ ከሌለሁ እሱን የሚያበሽቀው የለም።

እሑድ ለእልፌ ነገርኳት። መርፌዋን አቆመች።

“ለእኔ ብለሽ?”

“ለአንቺ ብዬ አይደለም። ለሰፈሩ ነው።”

“ውሸታም። ቢያባርሩሽስ? ሥራ ከሌለሽ ደግሞ በምን ልትነጫነጪ ነው?” አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ጉንጬን ሳመችኝ። እልፌ የመሳም ሰው አልነበረችም።

እሷ ደግሞ ምስጢር አይቋጥራትም። በሳምንቱ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ፤ ጡሩምባው ዋስ አለው፣ ዋሱም የእልፍነሽ እህት ናት። ደቻቱ ውስጥ የገቡት ሰዎች ክረምት ሲሆን ተራ ገብተው ቀን ከሌት ተራራውን የመጠበቅ ልማድ ነበራቸው፤ ላይ ደመና ከጠቆረ በርሜል ይመታሉ። የማይረባ ልማድ ነው ብለው ወጣቶቹ ይስቁባቸው ነበር። እልፌ ተራ የገቡትን አዛውንቶች “ግቡና ተኙ፣ ለዚህ የተቀመጠች እህት አለችኝ” አለቻቸው። ተዉት። በርሜሉን ማንም ስለማይመታው አንድ ማክሰኞ መጥተው ወሰዱት። ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን ይዋሻል።

ወራቱ አለፉ። ደንገጎ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። በየጠዋቱ ኮምፒውተሬን ስከፍት ከማንቂያው ስም አጠገብ ያለችው ነጥብ ቀይ ናት፤ አልተጠራም ማለት ነው። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ዓመቱ ሊሞላ ሲል እንቅልፍ አጣሁ። እኔ ብጠረግ ግድ የለም እያልኩ ለራሴ እዋሻለሁ፤ እኔ ስጠረግ ማንቂያውም አብሮ እንደሚጠረግ ግን አውቃለሁ፣ እልፌም በእሱ ተማምና ተኝታለች።

እዚህ ላይ ስለ ደቦ ልናገር። በጽሑፍ የትም የለም፣ ግን በከተማው ያለ የጠራጊ ቡድን ሁሉ ያውቀዋል። የአንድ ሰው ዋስትና ሊያልቅ ሲል ከጓደኞቹ አንዱ ያን ኮድ በየጠዋቱ የሚጠራ ትንሽ ትእዛዝ ጽፎ በስውር ያስቀምጣል። ድምር ማን ጠራው ብሎ አይመረምርም፤ ተጠራ ወይስ አልተጠራም ነው ጥያቄው። ኢብሳ ራሱ ዋስ የሆነለት የባቡር ትኬት ኮድ አለ። ባቡሩ ከቆመ ዘመናት አልፈዋል። ኮዱን በየጠዋቱ የምጠራለት እኔ ነበርኩ፤ ኮዱ ባቡር ፈልጎ ያጣል፣ ተመልሶ ይተኛል፣ ማንንም አይጎዳም። ማን እንደጠራ አይጠየቅም፣ አይመሰገንምም፣ ነውር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? እንደዚያ ነው የኖርነው።

አንድ ጠዋት ነጥቧን አረንጓዴ ሆና አገኘኋት። ሮብሌን አየሁት። ሻዩን እየጠጣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እግዜር ይስጥህ አልኩት በሆዴ። በማግስቱ ትኩስ ሳምቡሳ ገዝቼ ሳላየው ጠረጴዛው ላይ ትቼለት አለፍኩ። በላው። አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም።

ዋስትናዬ ታደሰ። ሌላ ክረምት መጣ።

ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ሙቀቱ ሰው እያንከላወሰ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ ማራገቢያ የለም፤ የቀዝቃዛ ወር ሰሞን ማንም ስላላበራው ተወስዷል። ደንገጎ ያለው አንደኛው ብረት ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ኢብሳ መነጽሩን አደረገ። “ተበላሽቶ ይሆናል” አለ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ከነጭራሹ ዝም አለ፤ ውሃው ነቅሎት ነው።

“ኮዱ ተጠርቷል” አለ ሮብሌ። “አረንጓዴ ነው።”

መስኮቱን ከፈትኩ። የባጃጅ ድምጽ ይሰማል። ቁራ ይጮኻል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። ጡሩምባ ግን የለም።

ተመልሼ ኮዱ የመለሰውን መልስ አየሁ። “ማንቂያው ቀድሞ ተነፍቷል። ውሃው እስኪጎድል አይደገምም” ይላል።

“ቀድሞ?” አልኩ። “መቼ ነው ቀድሞ የተነፋው?”

ሮብሌን ዞር ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል።

“በየጠዋቱ ስጠራው...” አለ። “የመጀመሪያ ቀን ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ድምጹን ዘጋሁት። ከፈትኩት ወዲያው፣ በአላህ ከፍቼዋለሁ! በማግስቱ ስጠራው ግን ራሱ ዝም አለ። በየቀኑ ዝም ይል ነበር።”

“ለምን ዝም እንዳለ አልጠየቅህም?”

“ጥሩ ነው ብዬ ነው፣ ማስተዋል። ማንንም ሳይረብሽ...”

ያኔ ነው የገባኝ። ኮዱን የጻፈው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብልህ ሰው ነበር። ጡሩምባው ለአንድ ጎርፍ አንዴ ብቻ እንዲነፋ፣ ውሃው ጎደለ የሚል ወሬ ከተራራው እስኪመጣ ዳግም እንዳይጮህ አድርጎ ሠርቶታል። ነጋ ጠባ ከጮኸ ሰው ይለምደዋል ብሎ ነው። ሮብሌ በደቦ ሲጠራው ኮዱ ጎርፍ መጣ ብሎ አመነ። ያልመጣ ውሃ ደግሞ ከየት ይጎድላል? ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ ድረስ ቁጭ ብሎ እስኪጎድል ይጠብቅ ነበር።

“በእጅ የሚመልሰውን ትእዛዝ ፈልጊ!” ብሎ ጮኸ ኢብሳ።

ነበረ። ማንቂያውን በእጅ ወደ መጀመሪያው የሚመልስ አጭር ኮድ ነበረው። ማንም ተጠቅሞበት ስለማያውቅ እኛው ራሳችን ጠርገነዋል፤ ኢብሳ ዋስ አለው ሲል ሦስታችንም ሻያችንን እየጠጣን ነበር። ኢብሳም ይህን ሲያስታውስ አየሁት። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ስልኬን አነሳሁ።

“እልፌ፣ ውጪ! አሁኑኑ ውጪ!”

“ምነው? ምን ሆነሽ?” የስፌት ማሽኗ ከኋላ ይንቀጫቀጫል።

“ጎርፍ መጥቷል። ሁሉን ትተሽ ሩጪ፣ ወደ ላይ ውጪ!”

“ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ?” ሳቀች። “ደግሞ ጡሩምባው የት ሄዶ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ዋሱ?”

“አይነፋም! እልፌ፣ ጡሩምባው አይነፋም፣ በእናታችን አጥንት ውጪ!”

ማሽኑ ቆመ። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። “እሺ” አለች፣ “እሺ፣ ወጣሁ። ጎረቤቶቹን ልጥራ።”

“ጎረቤት ተዪ! እልፌ እባክሽ!”

“እንዴት ነው የምተዋቸው? ተኙ ያልኳቸው እኔ ነኝ እኮ።”

ስልኩን አልዘጋችውም። በሩጫዋ መካከል በእጇ እንደያዘችው፣ በር ስትደበድብ ይሰማኛል። “እማማ ሩሚያ! አባባ ተካልኝ! ተነሱ፣ ውጡ!” ትላለች። አንድ ሽማግሌ “ጡሩምባው አልተነፋም እኮ ልጄ” ሲላት በግልጽ ሰማሁ። ሌላ በር ደበደበች። ከዚያ ሌላ ድምጽ መጣ። እሱን አልጽፈውም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሃው ጎደለ። እኔ ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ስሟን እየጠራሁ ነበር። ያኔ ጡሩምባዎቹ ተነፉ። ሁሉም በአንድ ላይ፣ ረጅምና ለስላሳ ድምጽ። ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፣ ግን ኮዱን ስላነበብኩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ጎርፉ አልፏል፣ በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ ነው የሚለው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮዱ አልተሳሳተም፤ የጠበቀው መጉደል በመጨረሻ መጣለት። አጠገቤ ጭቃ የሚቆፍር አንድ ሰው ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

እልፌን በማግስቱ አገኘናት፣ ከሰፈሩ በጣም ታች። የምትሰፋበት የብረት ቆብ ጣቷ ላይ እንዳለ ነበር። እማማ ሩሚያን አላገኘናትም። ከዚያ ሰፈር ስንት ሰው እንደጎደለ እስካሁን የሚያውቅ የለም፤ የመዝገቡ ኮድ ደቻቱ የሚባል አድራሻ ስለማያውቅ ሊቆጥራቸው አልቻለም።

አጣሪዎች መጡ። በሥርዓት ጠየቁን፣ ሻይም ጋበዙን። ማንቂያው በየቀኑ ያለማቋረጥ ጥቅም ላይ ውሏል፣ በጎርፉም ቀን ተጠርቶ በጊዜው መልስ ሰጥቷል፣ ጉድለት አልተገኘበትም አሉ። ደቦ መኖሩን እኔው ነገርኳቸው። አምልጦኝ አይደለም፣ እንዲያስሩን ፈልጌ ነው። መርማሪዋ ድምር ውስጥ ፈልጋ፣ “ደቦ የሚባል ነገር አልተመዘገበም” አለችኝ፤ በአዘኔታ ነው ያየችኝ፣ ሐዘን ያናወዛት መስዬያት ነው። ለዋስትናዬ ምስጋና ተጻፈልኝ። የተጠራ ኮድ ዋስ ነኝና።

ደቻቱ እንደገና አሸዋ ሆነ። ለመኖሪያ አይሆንም ተባለ፣ ወንዝም አልተባለም፤ አንድ ቀን የወረደ ውሃ ወንዝ አይደለም። የሮብሌ ትእዛዝ ተነስቷል፣ ነጥቧም ቀይ ሆነች። ዓመቱ ሲሞላ ዋስትናዬን አላሳደስኩትም፤ አንድ ሰኞ ጠዋት ኢብሳ ስሙን አነበበ።

“የደቻቱ ማንቂያ። ዋስ... ዋስ አለው?”

ሮብሌ እጁን አወጣ። ዓይኑ ደም መስሏል።

“አውርድ” አልኩት።

“ማስተዋል፣ ቢያንስ እኔ...”

“እጅህን አውርድ አልኩህ! ማንን ልታነቃበት ነው?”

አወረደ። ኢብሳ ሁለተኛውን ጠየቀ። ሦስተኛውን ሳይጠይቅ ቆየ፤ የሆነ ሰው እንዲያስቆመው የፈለገ ይመስላል። ማን ያስቁመው? ጠየቀ። ማንም አልተነሳም። እኔው በእጄ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ አመሰገነኝ፣ ሁልጊዜም ያመሰግናል።

እሑድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሮብሌ ነው። በፌስታል ትኩስ ሳምቡሳ ይዟል። ግባ ሳልለው ገባና፣ ቀስ ብሎ፣ ሳሎኑን እንደሚያውቀው ሁሉ የእልፌ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከወንበሩ ሥር ያለችው ትንሽ መብራት ቦግ አለች፤ ተቆጠረ። ለእልፌም እንደዚያው ነበር የምትበራው።

“ተነስ” አልኩት።

“ይወስዱታል እኮ ማስተዋል። ወር ሊሞላው ምንም አልቀረው። እሑድ እሑድ እየመጣሁ...”

“ይውሰዱት። ደቦ አልፈልግም። እሷ የተቀመጠችው ወንበሩን ለማዳን መሰለህ? እኔን ልታይ ነበር የምትመጣው።” “ባዶ ነው ሮብሌ። ባዶውን ባዶ ነው ይበሉት፣ ተነስልኝ።”

ተነሳ። እያለቀሰ ደረጃውን ወረደ፣ ሳምቡሳውን ትቶልኝ ሄደ። ልጠራው ፈልጌ ነበር፣ አልጠራሁትም። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን እንውላለን። አላበሽቀውም።

ጊዜው ሲደርስ፣ ማክሰኞ ጠራጊዎቹ መጡ። ጫማቸውን አወለቁ። አንደኛው እንደ ሕጉ፣ “ዋስ አለው?” ብሎ ጠየቀኝ። የለውም አልኩት። ወንበሩን ግራና ቀኝ ይዘው በጥንቃቄ አወጡት። በር ላይ ሲያዘነብሉት ከጨርቁ አንዲት ስፒል ወለሉ ላይ ወደቀች። አላዩዋትም። ሄደው ሲያበቁ አነሳኋትና ቀሚሴ ላይ ሰካኋት። ለምንም አትጠቅመኝም። ሲያዩዋት ይወስዷታል።